በግል ሥራ ለሚተዳደሩ ወገኖች በአሜሪካ፦ የጤና ኢንሹራንስና የጡረታ ቁጠባ የታክስ ቅናሽ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ኡበር፣ ታክሲ ወይም ትራክ የሚነዳ፣ ቤቷ ውስጥ ዴይ ኬር የከፈተች፣ በ1099 ሆም ኬር የምትሠራ፣ ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ወገናችን ብዙ ነው። በደብሊው-2 የሚሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ ሳይነካው ከደመወዙ ይቆረጥለታል። ብዙ መሥሪያ ቤት 401ኬም (በአሠሪ በኩል የሚከፈት የጡረታ ቁጠባ) አለው። የግል ሠራተኛ ግን ሁሉንም ራሱ ነው የሚያሟላው። ሕጉ ለእሱም መብት ሰጥቶታል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ሳይጠይቀው መቅረቱ ነው፤ አይአርኤስ ደግሞ "ይህን ረስተሃል" ብሎ አይደውልም።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በተለይ ካልተገለጸ በቀር የ2025 ገቢን ይመለከታሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለጤና ኢንሹራንስ የምከፍለውን ከገቢዬ ላይ ማስቀነስ እችላለሁ?

አዎ፣ የግል ሥራዎ ትርፍ ካለው። የሕክምና፣ የጥርስና የዓይን ኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያ ሙሉውን ይቀነሳል። ለራስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ በታክስዎ ላይ ለሚያስመዘግቧቸው ጥገኞች የከፈሉት ሁሉ ይቆጠራል። ልጅዎ በዓመቱ መጨረሻ 27 ዓመት ካልሞላውም፣ ጥገኛዎ ባይሆንም እንኳ፣ ለእሱ የከፈሉት ይገባል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ የጀመረው ልጅዎ አሁንም በእርስዎ ኢንሹራንስ ውስጥ ካለ፣ የእሱን ድርሻ ነጥለው ማውጣት የለብዎትም።

ስሌቱ በፎርም 7206 ይሠራል፤ ውጤቱ ስኬጁል 1 ላይ መስመር 17 ይገባል።

ታክስ የሚሠራልኝ ሰው "ስታንዳርድ ዲዳክሽን ስለወሰድክ አይሆንም" አለኝ። እውነት ነው?

አይደለም። የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ ስኬጁል ኤ ላይ ነው የሚገባው፤ እሱ አይተማይዝ ማድረግ (ወጪን አንድ በአንድ መዘርዘር) ይጠይቃል፣ ከገቢዎ 7.5 ፐርሰንት በላይ የሆነው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ይህኛው ሌላ ነው። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን (ወጪ ሳይዘረዘር የሚወሰደውን ቅናሽ) ወስደው፣ በዚያ ላይ ይህን ይወስዳሉ። ሁለቱ አይጋጩም።

የዘንድሮውን ወረቀትዎን አውጥተው ስኬጁል 1 ላይ መስመር 17ን ይዩት። ዓመቱን ሙሉ ከኪስዎ እየከፈሉ ባዶ ከሆነ፣ ምክንያቱን ይጠይቁ። የጡረታ አካውንቱ ደግሞ መስመር 20 ላይ ነው። ሁለት መስመር ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከማርኬትፕሌስ፣ ማለትም በኦባማኬር፣ ነው የገዛሁት። እሱም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ በዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ በቨርጂኒያው ማርኬትፕሌስ፣ በሚኔሶታው ኤምኤንሹር፣ በካሊፎርኒያው ከቨርድ ካሊፎርኒያ ወይም በሌላ በኩል ቢገዙት ለውጥ የለውም። ፖሊሲው በራስዎ ስም መሆኑም ችግር የለበትም።

ዋናው ነገር ከኪስዎ የወጣው ብቻ እንደሚቀነስ ማወቅ ነው። ዋጋው በወር 700 ዶላር ሆኖ መንግሥት 400 ከከፈለልዎት፣ የእርስዎ 300 ነው። ያንን በ12 አባዝተው 3,600 ነው የሚሉት። 8,400 ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱ ትንሽ ያስቸግራል። የመንግሥት ድጎማው በገቢዎ ልክ ነው የሚተመነው። የኢንሹራንሱ ተቀናሽ ደግሞ ገቢዎን ዝቅ ያደርጋል። ገቢ ዝቅ ሲል ድጎማው ይጨምራል፤ ድጎማው ሲጨምር ከኪስዎ የወጣው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ እስኪስማሙ ደጋግሞ ማስላት ያስፈልጋል። አይአርኤስ ለዚህ ሲል ፐብሊኬሽን 974 የሚባል መመሪያ አውጥቷል። በእጅ መሥራቱ ያደክማል፤ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ግን 1095-ኤ የሚባለው ወረቀት በትክክል ከገባላቸው ራሳቸው ይሠሩታል። እባክዎ 1095-ኤውን ሳይዙ ታክስ አያሠሩ። ከማርኬትፕሌሱ አካውንትዎ ላይ ማውረድ ይቻላል።

አንድ ለውጥም ልብ ይበሉ። እስከ 2025 ድረስ ገቢዎ ከገመቱት በላይ ሆኖ ድጎማ ከበዛልዎት፣ የሚመልሱት ገንዘብ ለብዙ ሰው ጣሪያ ነበረው። ከ2026 ገቢ ጀምሮ ጣሪያው ተነሥቷል። የበዛው ሁሉ ይመለሳል። በዓመቱ መሐል ሥራ ሲደራ ገቢዎን ማርኬትፕሌሱ ላይ ያስተካክሉ።

ባለቤቴ ሆስፒታል በደብሊው-2 ትሠራለች። እኔ ኡበር ነው የምነዳው፤ የራሴን ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ። ይቀነስልኛል?

የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚህ ነው። የባለቤትዎ አሠሪ የትዳር ጓደኛንም የሚሸፍን ኢንሹራንስ ካለው፣ ከዋጋውም ላይ የሚያግዝ ከሆነ፣ እርስዎ እዚያ መግባት ይችሉ ለነበረባቸው ወራት ተቀናሹን አያገኙም። "አልገባሁበትም እኮ" ማለት አያዋጣም። ሕጉ የሚያየው መግባት ይችሉ እንደነበር ነው።

ግን የሚታየው ወር በወር ነው። እሷ ሥራውን የጀመረችው በጁላይ ከሆነ፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን የከፈሉት ይቀነሳል። የእሷ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይቀነስልዎታል። ስለዚህ የጥቅማ ጥቅም ክፍላቸውን "ለትዳር ጓደኛ አለ ወይስ የለም? ከመቼ ጀምሮ?" ብላ ጠይቃ መልሱን በኢሜይል ታስቀምጥ።

ብዙ ማይል ነድቼ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ፎርም) ላይ ትርፌ በጣም ትንሽ ሆነ። ምን ይሆናል?

ተቀናሹ ከትርፍዎ አይበልጥም። ትርፍ የሚባለው ከማይል፣ ከኡበር ኮሚሽን፣ ከስልክና ከሌላው ወጪ በኋላ የሚቀረው ነው። ከእሱም ላይ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (የግል ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ግማሹ ይነሣለታል። ለ2025 አንድ ማይል 70 ሳንቲም ነው፤ 50,000 ማይል የነዳ ሰው 35,000 ዶላር ቀነሰ ማለት ነው። 38,000 ዶላር ገብቶለት ከነበረ፣ የቀረው 3,000 ብቻ ነው። ለኢንሹራንስ 5,000 ቢከፍልም ሙሉውን መውሰድ አይችልም። ኪሳራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የለም። የተረፈውን ስኬጁል ኤ ላይ መሞከር ይቻላል፤ ለአብዛኛው ሰው ግን አይጠቅምም።

እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ወጪ አብዝቶ ትርፍን ወደ ዜሮ ማውረድ እንደ ብልሃት ይወራል። ያልነዱትን ማይል መጻፍ ሕገወጥ ነው፤ ያ ግልጽ ነው። ከዚያም ሌላ ጉዳቱ ለራስ ነው። ቤት ልግዛ ሲሉ ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የስኬጁል ሲ ትርፍን ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታዎም በዚያው ትርፍ ላይ ነው የሚሰላው። የጤና ኢንሹራንሱና የአይአርኤው (ከታች የምናየው የጡረታ አካውንት) ተቀናሽ ግን ከስኬጁል ሲ በኋላ ነው የሚመጡት። ትርፍዎን ሳይነኩ የገቢ ታክስዎን ይቀንሳሉ። ለዚህ ነው እነዚህን አጥብቀው ይያዙ የምለው።

የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱንስ ይቀንሱልኛል?

አይቀንሱም። 15.3 ፐርሰንቱ እንዳለ ይቀራል። የሚቀንሰው የገቢ ታክሱ ነው፤ የፌዴራሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ የስቴቱም።

አገር ቤት ላለችው እናቴ የምልከው የሕክምና ገንዘብ ይቀነሳል?

አይቀነስም። ጥገኛ ለመባል የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለች እናት፣ ሙሉ በሙሉ እርስዎ የሚያስተዳድሯት ቢሆንም፣ በታክሱ ላይ አትገባም። ለጉብኝት በቪዛ ስትመጣ የሚገዙላት የጎብኚ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው።

ግሪን ካርድ ይዛ እዚህ የምትኖር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከግማሽ በላይ ወጪዋን የሚሸፍኑት እርስዎ ከሆኑ፣ የእሷ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ደግሞ በዓመት ከ5,200 ዶላር በታች ከሆነ፣ ጥገኛዎ ልትሆን ትችላለች። ያኔ የከፈሉላት ኢንሹራንስ ይቆጠራል።

65 ሞልቶኛል፤ ሜዲኬር አለኝ፤ አሁንም ታክሲ እነዳለሁ።

የሜዲኬር ክፍያም ይቀነሳል። ፓርት ቢ ከሶሻል ሴኩሪቲዎ ላይ በቀጥታ ስለሚቆረጥ እንደ ወጪ አይታይም። መደበኛው ክፍያ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር፤ በዓመት 2,220 ማለት ነው። ፓርት ዲና አድቫንቴጅ የሚባለውም ይጨመራል። አባቶቻችን ይህን ሲተዉት አያለሁ፤ ልጆቻቸው ብታዩላቸው ጥሩ ነው። በጃንዋሪ የሚመጣው ኤስኤስኤ-1099 ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል።

ኤልኤልሲ አለኝ። ይለያል?

ባለቤቱ እርስዎ ብቻ ከሆኑና ሌላ ነገር ካልመረጡ፣ አይለይም፤ በስኬጁል ሲ ነው። ኤስ ኮርፖሬሽን እንዲሆን ካስመረጡ ግን ኩባንያው ክፍያውን ራሱ መክፈል ወይም ለእርስዎ መመለስ አለበት፤ ያም በደብሊው-2ዎ ሳጥን 1 ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ተቀናሹ ይቀራል። የትራክ ባለቤቶች፣ ይህን ዲሴምበር ሳያልቅ ከሲፒኤያችሁ ጋር ጨርሱት።

ወደ ጡረታው እንምጣ። አይአርኤ ምንድን ነው?

በራስዎ ስም የሚከፈት የጡረታ አካውንት ነው። ፊደሊቲ፣ ሽዋብ፣ ቫንጋርድ ወይም ባንክዎ ጋር ይከፈታል፤ አሠሪ አያስፈልገውም። ለ2025 እስከ 7,000 ዶላር፣ 50 ዓመት ለሞላው እስከ 8,000 ማስገባት ይቻላል። ለ2026 ወደ 7,500 እና 8,600 ከፍ ብሏል። ሠርተው ካገኙት በላይ ግን ማስገባት አይቻልም። የቤት ኪራይ ገቢ ለዚህ አይቆጠርም።

ሁለት ዓይነት አለ። ትራዲሽናል የሚባለው ዛሬ ይቀነሳል፤ ሲያወጡት ታክስ ይከፈልበታል። ሮት የሚባለው ዛሬ አይቀነስም፤ ደንቡን ጠብቀው በጡረታ ሲያወጡት ትርፉም ጭምር ከታክስ ነፃ ነው። ዘንድሮ ገቢዎ ዝቅ ያለ ከሆነና ታክስዎ ትንሽ ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ ሮት ነው። ገቢዎ ደህና ከሆነ፣ ወይም የማርኬትፕሌስ ድጎማ መመለስ ካስፈራዎት፣ ትራዲሽናሉ ይሻላል፤ ድጎማው የሚሰላበትን ገቢም ዝቅ ያደርጋልና።

እኔም ሆነ ባለቤቴ በሥራ 401ኬ ካለን?

ትራዲሽናሉን ማስገባት ይችላሉ፤ የሚቀነሰው ግን በገቢዎ ይወሰናል። ለ2025፣ 401ኬ ያለው ነጠላ ሰው ከ79,000 ጀምሮ እየቀነሰ 89,000 ላይ ያበቃል። በጋራ ለሚያስታውቁ፣ 401ኬው ላለው ከ126,000 እስከ 146,000፣ እሱ ለሌለው የትዳር ጓደኛ ደግሞ ከ236,000 እስከ 246,000 ነው። ሁለታችሁም በሥራ ምንም የጡረታ ፕላን ከሌላችሁ ይህ ገደብ አይነካችሁም።

ቤት ልጅ የምታሳድግ፣ ገቢ የሌላት ሚስትም የራሷ አይአርኤ ሊኖራት ይችላል። በጋራ ካስታወቃችሁ የእርስዎ ገቢ ለእሷም ይሠራል። በእሷ ስም የተከፈተ ገንዘብ የእሷ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በቁጥር ያሳዩኝ። ስንት ይተርፈኛል?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ነጠላ ሹፌር እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል የተሠራ ነው። በ2025 ከወጪ በኋላ የቀረው ትርፍ 60,000 ዶላር። የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ 8,478፤ ግማሹ 4,239 ይቀነስለታል። ለኢንሹራንስ ከኪሱ 3,600 ከፍሏል። ትራዲሽናል አይአርኤ ውስጥ 5,000 አስገባ።

ሁለቱን ሳይጠይቅ ቢቀር፣ የፌዴራል ገቢ ታክሱ ወደ 3,603 ዶላር ነው። ሲጠይቅ ወደ 2,777 ይወርዳል። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑንና ለቢዝነስ ገቢ የሚሰጠውን 20 ፐርሰንት ቅናሽ ቆጥረን ነው። በፌዴራል ብቻ 826 ዶላር አካባቢ ተረፈው። ቨርጂኒያ የምትነሳው ከፌዴራሉ ገቢ ስለሆነ፣ በ5.75 ፐርሰንት ሌላ 494 ዶላር ገደማ። በድምሩ ከ1,300 ዶላር በላይ። 5,000ው ደግሞ አልጠፋም፤ በስሙ ተቀምጧል።

7,000 ያንሰኛል። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሴፕ አይአርኤን ይዩት። ለግል ሠራተኛ ሲሰላ በግምት ከትርፍ (የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ግማሹ ከተነሣለት በኋላ) 20 ፐርሰንት ነው፤ የ2025 ጣሪያው 70,000 ነው። ከላይ ያለው ሹፌር እስከ 11,152 ዶላር ማስገባት ይችል ነበር። ኤክስቴንሽን (የታክስ ማስረከቢያ ጊዜ ማራዘሚያ) ከጠየቁ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ አለዎት። ሆኖም ሠራተኞች ያሉት ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ይጠንቀቅ፤ ለራስዎ ያስገቡትን ፐርሰንት ደንቡን ለሚያሟሉ ሠራተኞችም ማስገባት ግዴታ ነው። ብቻዎን ወይም ከባለቤትዎ ጋር ብቻ ከሆኑ ሶሎ 401ኬም አለ።

እስከ መቼ ነው የማስገባው?

ለ2025 አይአርኤ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026። ኤክስቴንሽን ይህን አያራዝምም። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ሲያስገቡ ደግሞ ዌብሳይቱ "ለየትኛው ዓመት?" ብሎ ይጠይቃል። ያለፈውን ዓመት ይምረጡ። ሳያዩ ካለፉት ለአዲሱ ዓመት ሊመዘገብ ይችላል፤ ወረቀትዎ ላይ የቀነሱት ከአካውንቱ ጋር አይገጥምም። የገባበትን ገጽ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ያስገቡትን የሚያሳየው ፎርም 5498 የሚመጣው ታክስ ካስገቡ በኋላ፣ በሜይ ነው።

ሌላም አለ። ገንዘቡን ማስገባትና ኢንቨስት ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝም ብለው ካስቀመጡት ለዓመታት በጥሬው ሊቀመጥ ይችላል። ገብተው ፈንድ መግዛት አለብዎት።

ወለድ የማልፈልግ ሙስሊም ነኝ። ይሆነኛል?

አይአርኤ ራሱ መያዣ ብቻ ነው። ምን እንደሚገዛበት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። በሸሪዓ ደንብ የተዘጋጁ የአክሲዮን ፈንዶች በአሜሪካ አሉ፤ በእነሱ መሙላት ይቻላል። ታክሱ ላይ ምንም ልዩነት የለውም።

እቁብ እጥላለሁ። እሱ ቁጠባ አይደለም?

ቁጠባ ነው፤ ለቤት ቅድሚያ ክፍያም ለሠርግም ብዙ ሰው ረድቷል። ግን ከታክስ አይቀነስም፤ ሲወጣልዎትም የራስዎ ገንዘብ ስለሆነ ገቢ አይባልም። እቁብዎ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ የሚደርስዎት ከሆነ፣ ከእሱ ላይ ለአይአርኤው ማንሣት ጥሩ ሐሳብ ነው።

ከጡረታ በፊት ቢቸግረኝስ?

ትራዲሽናሉን 59 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላዎት ካወጡ ታክሱና 10 ፐርሰንት ቅጣት አለ። ለመጀመሪያ ቤት እስከ 10,000 ዶላር፣ ለኮሌጅ ክፍያና ለጥቂት ሌሎች ጉዳዮች ቅጣቱ ይነሣል፤ ታክሱ ይቀራል። ሮት ላይ ራስዎ ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ በማንኛውም ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ያወጣሉ። ጠቅልሎ አገር ቤት መግባት የሚያስብ ሰውም አካውንቱን መዝጋት የለበትም፤ ዜጋ ከሆነ ግን የትም ቢኖር ገቢውን ለአይአርኤስ ማስታወቁ ይቀጥላል።

ያለፉትን ዓመታት ኢንሹራንስ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። አበቃ?

አላበቃም። ፎርም 1040-ኤክስ አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ካስገቡበት ቀን 3 ዓመት አለዎት። ቀድመው ያስገቡት ከሆነ ከማስረከቢያው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። የ2022 ታክስን በጊዜው ያስገባ ሰው እስከ ኤፕሪል 2026 ድረስ ነበር ማለት ነው፤ የ2023ቱ እስከ ኤፕሪል 2027 ይቆያል። ለአይአርኤ ይህ አይሠራም፤ ያለፈ ዓመት ገንዘብ ዛሬ አይገባም። የሚያስፈልግዎት የየዓመቱ 1095-ኤ ወይም ከኢንሹራንስ ኩባንያው የክፍያ ዝርዝር፣ የባንክ ስቴትመንትና ያስገቡት የታክስ ወረቀት ቅጂ ነው። የስቴቱንም አብረው ያስተካክሉ፤ እሱ ለብቻው ነው የሚገባው።